ሰው ምን ይላል?
በባለ እጅ ወገኖቻችን ላይ ስለ ቆየው የንቀት ልማድ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የመስጊዳችንን ታሪክና የአባቶቻችንን ድካም የሚያወሱ ጽሑፎችን ታነባላችሁ። ያ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ የምንኮራበትን ብቻ መዝግቦ የምናፍርበትን የሚያልፍ ታሪክ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ለእኔ በተሰጡኝ ጥቂት ገጾች፣ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ግን በአደባባይ የማንናገረውን አንድ ጉዳይ ላነሳላችሁ አስቤአለሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ዛሬ ጠዋት ቡና የተፈላበትን ጀበና ማን እንደ ሠራው ታውቃላችሁ? በቦምቤ ገበያ ቀን ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱንና እንስራውን ደርድራ ከገበያው ዳር የምትቀመጠውን ሴት ሁላችሁም አይታችኋል። ዕቃዋን በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጋችሁ፣ ድምፁን ሰምታችሁ፣ ዋጋ ተከራክራችሁ ገዝታችኋል። እሷ በእጇ አድቦልቡላ የሠራችውን ድስት ወደ ጓዳችሁ አስገብታችሁ ልጆቻችሁን አብልታችሁበታል። እሷን ግን ወደዚያው ጓዳ አስገብታችሁ ከዚያው ድስት አብልታችኋት ታውቃላችሁ? እጇ የነካው ሸክላ ንጹሕ ሆኖ ሳለ እጇ ራሱ እንዴት ርኩስ ሆነ? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የተጻፈ ነው።

ልማዱ በአገራችን

እንደሚታወቀው በወላይታ ሸክላ ሠሪው ጪናሻ፣ ቆዳ ፋቂው ደጌላ፣ ብረት ቀጥቃጩ ወጋጬ ይባላል። እነዚህ ሦስት ስሞች በመጀመሪያ የሙያ ስሞች ናቸው። በጊዜ ብዛት ግን የዘር ስሞች ሆነዋል። አንድ ሰው ሸክላ ነክቶ ባያውቅም፣ ተምሮ አስተማሪ ወይም የጤና ባለሙያ ቢሆንም፣ አያቱ ሸክላ ሠሪ ከነበረች እሱም በሰዎች አፍ ጪናሻ ነው። ሙያ የሚጣልና የሚያዝ ነገር ሲሆን፣ በእነዚህ ወገኖች ላይ ግን እንደ ቆዳ ቀለም ከአካል ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ይህ በወላይታ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከኦሞ ወንዝ ማዶ በዳውሮ ማንጃ፣ በከፋ ማንጆ፣ በከምባታ፣ በሐዲያ፣ በጉራጌና በስልጤ ፉጋ እየተባሉ የሚጠሩ ወገኖች ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል። በሰሜኑም ቢሆን ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ሲፈራና ሲገለል ኖሯል። በ1990ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) የደቡብ ኢትዮጵያን ባለ እጆችና አዳኞች ሁኔታ ያጠኑት ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት፣ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት መጽሐፍ ይህንኑ በሰፊው አስረድተዋል። መገለሉ በመኖሪያ ቦታ፣ በኢኮኖሚ፣ በአስተዳደር፣ በማኅበራዊ ኑሮና በባህል ጭምር የሚገለጥ መሆኑን አሳይተዋል።

በእኛ አካባቢ የኖረው ልማድ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ባለ እጅ ከባላገር ጋር አይጋባም። ከአንድ ገበታ አይበላም። ወደ ቤት ቢመጣ ከደጅ ይቆማል፤ ቢገባም ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። የሚጠጣበት ዕቃ የተለየ ነው። መሬቱም የሌላው ሆኖ እሱ በዳር በጠፉ ቦታዎች ሰፍሮ ይኖራል። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «እነሱ እኮ ጥንብ ይበላሉ» ይባላል። ልብ በሉ፤ ይህ የሚባለው ጥንብ ቀርቶ ሥጋ ራሱ ለበዓል ብቻ ስለሚደርሰው ሰው ጭምር ነው። መሬትና ከብት የከለከልነውን ሰው በሚበላው ነገር ንቀነው፣ ንቀታችንን ደግሞ መሬት ለመከልከል ምክንያት አደረግነው። እንዲህ ዓይነቱ ክስ ምስክር አይፈልግም፤ ሁሉም ከሁሉም ሰምቶታልና።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ የሚነገር ቁስል አለ። የወላይታ መንግሥት በንጉሥ ጦና ዘመን በ1887 ዓ.ም. በአጼ ምኒልክ ጦር ድል ሲሆን፣ ብዙ ሕዝብ ከማለቁም በላይ እጅግ ብዙ ሰው ተማርኮ ተወስዷል። ይሁን እንጂ ባርነት ከዚያ ጦርነት በፊትም በአገሩ ውስጥ ነበረ፤ ባሪያው በወላይትኛ አይሌ ይባል ነበር። በመላ ደቡብና ምዕራብ የባሪያ ንግድ ሲካሄድ ከነጋዴዎቹ መካከል የእኛው እምነት ተከታዮች መኖራቸውን ታሪክ መዝግቦታል። ይህን መሸሸግ አይገባም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በዚያው ዓመት በመጋቢት ባሪያ ነጻ የሚወጣበት ደንብ ታወጀ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ዛሬም ቢሆን ግን ለጋብቻ ዘር ሲጣራ «የእናቱ ወገን እኮ...» ተብሎ በሹክሹክታ የሚቀር ነገር አለ። ሕጉ ከተሻረ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ሹክሹክታው ግን አልተሻረም።

እኛም በሌላው ዘንድ

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ሙስሊሞች ስለ መገለል ስንናገር የሰማነውን ሳይሆን የቀመስነውን ነው የምንናገረው። እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገው ጉባኤ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። በሰሜኑ አገር ሙስሊሙ ርስት እንዳይኖረው የሚከለክል ልማድ ለዘመናት ጸንቶ ስለ ነበር፣ ብዙው ወገናችን ወደ ንግድና ወደ ሽመና አዘነበለ። ከዚያም ንግዱና ሽመናው ራሱ መናቂያ ሆነበት። መጀመሪያ መሬቱን ነፈጉት፣ ከዚያም መሬት የሌለው ሰው በሚሠራው ሥራ ናቁት። ይህ ታሪክ ከጪናሻው ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ለማየት ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

በቅርቡ ዘመንም ቢሆን ሙስሊሙ ባለ አገር ሳይሆን እንግዳ የሚመስልበት አነጋገር ነበረ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር እንጂ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» አይባልም ነበር። ልዩነቱ የአንድ ቃል ነው፤ ነገር ግን አንድ ቃል ሰውን ከቤቱ ያወጣል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጥቶ የእኩልነት ጥያቄ ባነሳበት ዕለት፣ ከሙስሊሙ ጎን የተሰለፉ ክርስቲያን ወገኖች እንደ ነበሩ አትዘንጉ። እነዚያ ክርስቲያኖች በዚያ ቀን የለመዱትን ጥሰው ነበር የወጡት። በ1967 ዓ.ም. የኢስላም በዓላት በመንግሥት ደረጃ መከበር ሲጀምሩ የዚያ ቀን ድካም ፍሬ አፈራ።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከወላይታ ዞን ሕዝብ ከመቶ ሰባ አንድ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ ሃያ አንድ ያህሉ ኦርቶዶክስ መሆናቸው ታውቋል። እኛ ጥቂቶች ነን። ጥቂት መሆን ምን እንደሚመስል እናውቃለን። እንግዲህ እኛ ራሳችን ከኛ ያነሰ ጥቂት ስናገኝ ምን እናደርጋለን? የኛ ሚዛን የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ልዩነት ሁሉ ንቀት አይደለም። እኛ በቢስሚላህ የታረደውን እንበላለን፤ ክርስቲያን ጎረቤታችን የራሱን ይበላል። እኛም እሱም እርስ በርስ ተከባብረን በለቅሶና በሠርግ ለእንግዳችን የተለየ ድስት እናዘጋጃለን። ያ ድስት «አንተን አከብራለሁ» ይላል። ለሸክላ ሠሪዋ የሚቀመጠው የተሰነጠቀ ስኒ ግን «አንቺን እጸየፋለሁ» ይላል። ሁለቱም የተለየ ዕቃ ናቸው፤ ነገር ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

አዋጅና ልማድ

ብዙ ሰው «መንግሥት ሕግ ቢያወጣ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር» ይላል። ሕግ ያልወጣ መስሎት ነው። አጼ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚሸምነውን ሸማኔ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያለ የሚሳደበውን ሰው አጥብቀው ገሠጹ። የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን መወለዱን አስታውሰው፣ ሠራተኛን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠርና የአንድ ዓመት እስራት እንደሚጠብቀው አስታወቁ። ይህ ከተነገረ ከመቶ አሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን አዋጅ ሲወጣ፣ ለማረስ የሚፈልግ ሰው ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ተደነገገ። በዚያ ጊዜ መሬት አይተው የማያውቁ ባለ እጆች በየስፍራው መሬት ለማግኘት በቁ፤ የገበሬ ማኅበር አባል ሆነው በስብሰባ እኩል ለመቀመጥ ቻሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልናቃልለው አይገባም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በዘር፣ በማኅበራዊ አመጣጥ፣ በሃይማኖትና በመሳሰለው ልዩነት ሊደረግባቸው እንደማይገባ ደነገገ።

ታዲያ አዋጁ እያለ ልማዱ እንዴት ቆየ? አዋጅ መሬት ሊያካፍል ይችላል፤ ስኒ ግን ሊያካፍል አይችልም። አዋጅ ስድብን ሊቀጣ ይችላል፤ «ልጄን አልሰጥም» የሚለውን አባት ግን ሊያስር አይችልም። በሩቅ ምሥራቅ ጃፓን ውስጥም ይኸው ሆኗል። በዚያ አገር ቆዳ ፋቂዎችና ከብት አራጆች ለብዙ ዘመን እንደ ርኩስ ተቆጥረው በተለየ መንደር ይኖሩ ነበር። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1871 ይህን ልዩነት በአዋጅ ሻረው። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የእነዚያን መንደሮች ስምና አድራሻ የያዘ መዝገብ በምሥጢር ለድርጅቶች ሲሸጥ ተገኘ። ድርጅቶቹ መዝገቡን የሚፈልጉት የነዚያን ሰዎች ልጆች ላለመቅጠር ነበር። ከኛ የሠለጠነ የምንለው አገር እንኳ ከልማዱ ጋር ሲታገል መቶ ዓመት አልበቃውም።

የራሴ ጥፋት

አሁን ሰውን ብቻ ስወቅስ እንዳትታዘቡኝ የራሴን ልናገር።

ልጅ ሳለሁ ወደ ቤታችን እየመጣች ሸክላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ደግ ሴት ነበረች፤ ለማኝ ከደጇ ባዶውን አይመለስም ነበር። ለዚያች ሴትም ቡና ትሰጣት ነበር። ስኒው ግን ከጣሪያው ክዳን ሥር የተሸጎጠ፣ ጆሮው የተሰበረ ስኒ ነበር። አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ሴትዮዋ በጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆማ ጠበቀች። እኔ «ትግባ» አልኩ። እናቴ ወደ ጎረቤት ቤት በኩል አየት አድርጋ ዝም አለች። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ይገባኛል፤ እናቴ ያየችው ሴትዮዋን አልነበረም፤ ጎረቤት ማየቱን ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ለዲኑ ትጉህ የሆነ አንድ ወጣት ከዘመዶቻችን አንዷን ለጋብቻ ጠየቀ። ሽማግሌዎች ተቀመጥን። ተራው ለእኔ ሲደርስ የተናገርኩትን አልረሳውም። «በኔ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም፤ ልጁ ጨዋ ነው። ግን ሰው ምን ይላል?» አልኩ። የልጅቱ አባትም «እኔም ብሆን ግድ የለኝም፤ ዘመድ ግን አይቀበለኝም» አለ። ዘመዶቹም «እኛስ ደስ ባለን፤ አገሩ ግን...» አሉ። ወጣቱ በትሕትና አመስግኖ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ አገር ለቀቀ። ከዚያ በኋላ በሶፋችን መካከል አላየሁትም።

ስንለያይ በልቤ አንድ ነገር ቆጠርኩ። በዚያ ቤት ተቀምጠን ከነበርነው መካከል «እኔ አልፈልገውም» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሁላችንም የከለከልነው በሌላ ሰው ስም ነው። ያ «ሰው» የተባለው ማን ነው? በዚያ ቤት ያልነበረ ሰው ነው። ምናልባትም በሌላ ቤት ተቀምጦ «ሰው ምን ይላል?» እያለ እኛን የሚፈራ ሰው ነው።

የነገሩ ሥር

እነሆ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። እኛ አድልዎ የሚመጣው ከክፉ ልብ ብቻ ይመስለናል። ክፉ ልብ ያላቸው ሰዎች መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን ልማድ ከክፉ ልብ የበለጠ ጉልበት አለው፤ ደግ ሰዎችን ጭምር ያሠራልና። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፤ ሰው ከነውር እንዲርቅ፣ ለቅሶ እንዲደርስ፣ ጎረቤቱን እንዲረዳ ያደርገዋል። ይኸው ይሉኝታ ግን ነውር ያልሆነውን ነውር ካደረገብን፣ ደጉን ሰው በደል ያሠራዋል። ያውም በደል እየሠራ መሆኑን ሳያውቅ፤ ሥርዓት የጠበቀ እየመሰለው።

ልማዱ የሚጸናበት መንገድም ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚያየው የሌላውን ሥራ እንጂ የሌላውን ልብ አይደለም። እኔ ለሸክላ ሠሪዋ የተሰበረ ስኒ ስሰጥ ጎረቤቴ ያየኛል፤ «እሱ ይጸየፋታል» ይላል። እሱም እንደኔ ያደርጋል። እኔም እሱን አይቼ «እሱም ይጸየፋታል» እላለሁ። ሁለታችንም ላንጸየፋት እንችላለን፤ ሁለታችንም ግን በደጅ እናቆማታለን። በአሜሪካ አገር ሁበርት ኦጎርማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ብዙ ነጮች፣ ሌሎች ነጮች ጥቁሮችን ለብቻ ማግለልን ይደግፋሉ ብለው የሚገምቱት በእርግጥ ከሚደግፉት እጅግ አብልጠው መሆኑን ደርሶበታል። ሁሉም ጎረቤቱ ከራሱ የከፋ ይመስለዋል። በዚህ የተሳሳተ ግምት ላይ ተመሥርቶ አንድ ትልቅ በደል ለብዙ ጊዜ ሊቆም ይችላል።

ዲናችንና ልማዳችን

በዚህ በኩል የኛ ዲን የሚለው ግልጽ ነው። በሱረቱል ሑጁራት አሥራ ሦስተኛው አንቀጽ ሰዎች በጎሳና በነገድ የተደረጉት ይተዋወቁ ዘንድ መሆኑን፣ በአላህ ዘንድ ብልጫ ያለው በተቅዋ ብቻ መሆኑን ያስተምረናል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በኹጥባ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። ስለዚህ ልድገመው አልፈልግም። ይልቁንስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ትምህርት እንዴት እንደ ተከሉት ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

መካ በስምንተኛው ዓመተ ሒጅራ በተከፈተች ዕለት ቢላል (ረ.ዐ) አዛን እንዲያሰማ የታዘዘው በጓዳ ወይም በአንድ መንደር አልነበረም። ከካዕባ ላይ ወጥቶ፣ የቁረይሽ ታላላቆች ሁሉ እያዩት ነው አዛን ያሰማው። ሐበሻዊው፣ ትናንት ባሪያ የነበረው ሰው፣ ከሁሉ በላይ ቆሞ ተጣራ። ያጉረመረሙ እንደ ነበሩ ይነገራል። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ «ሰው ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በዓይኑ አይቶታል። ልማድ በአደባባይ የተተከለ ነገር ነው፤ ስለዚህ በአደባባይ ተነቀለ።

ባለ እጅነትንም እንይ። ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ) በመካ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ሰይፍ ይሠራ ነበር። የሠራበትን ዋጋ ከአንድ የቁረይሽ ባለጸጋ ሊቀበል ሲሄድ «ሙሐመድን ካልካድህ አልከፍልህም» ተብሎ ተንገላቷል። በኛ አጠራር ይህ ታላቅ ሶሓባ ወጋጬ ነው ማለት ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት፣ የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ደግሞ በእናቷ በኩል ከቁረይሽ ከፍተኛ ቤተሰብ የተወለደች ስትሆን በእጇ ቆዳ ታለፋ ነበር፤ ከሥራዋ ያገኘችውንም ሶደቃ ትሰጥ ነበር። የምእመናን እናት በዛሬዋ ቦምቤ ብትኖር የሥራዋ ስም ምን ይባል ነበር? መልሱን ለራሳችሁ ተዉት።

እዚህ ላይ ዓሊሞቻችን እንዲያርሙኝ እየለመንሁ አንድ ነገር ላንሳ። በጋብቻ ጉዳይ የከፋኣ፣ ማለትም የእኩያነት፣ ነገር ሲነሳ አንዳንድ ሰው «ኪታብ ላይም ሙያ ይታያል» ይላል። እውነት ነው፤ ከቀደምት የፊቅህ ሊቃውንት መካከል ሙያን ከእኩያነት የቆጠሩ አሉ፤ በኛ አገር የሚከተሉት ብዙ የሆኑት የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንትም ከነዚህ ናቸው። በሌላ በኩል የማሊኪይ መዝሀብ አብልጦ የሚመለከተው ዲንን ነው። ሙያን የቆጠሩትም ቢሆኑ ያንን ያሉት በዘመናቸው በነበረው ዑርፍ፣ ማለትም በሕዝቡ ልማድ፣ ላይ ተመሥርተው ነው። ሰው የሚንቀው ሙያ ለልጅቱ ቤተሰብ እፍረት እንዳይሆን በማሰብ ነው። ታዲያ ዑርፉ የኛ ሥራ ከሆነ ዑርፉን መለወጥም በኛ እጅ አይደለምን? ልማዱን እኛው ፈጥረን፣ ኪታቡን ጠባቂ ልናደርግለት አይገባም።

ከጎረቤት መማር

ልማድ እንደሚለወጥ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከቦሎሶ ቦምቤ ጋር የሚዋሰነውን የከምባታን አገር ተመልከቱ። በዚያ የሴት ልጅ ግርዛት ለዘመናት የጸና ልማድ ነበር። ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም ይባል ነበር። ስለዚህ ልጃቸው እንድትገረዝ የማይፈልጉ ወላጆች እንኳ ሳይወዱ ያስገርዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር የከምባታ ሴቶች ማኅበርን አቋቋሙ። ሥራቸው በአብዛኛው ሕዝቡን አቀማምጦ ማወያየት ነበር። ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲነጋገሩ ጎረቤታቸውም እንደነሱ በልቡ የተቸገረ መሆኑን ተረዱ። ከዚያም በ1995 ዓ.ም. ገደማ አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን በአደባባይ አስታውቃ፣ ሙሽራውም ይህንኑ መርጦ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተገኘበት ተዳሩ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። ወይዘሮ ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አረፉ፤ ሥራቸው ግን አላረፈም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ልማድ የሚፈርሰው ሰው በጓዳው ሐሳቡን ስለ ለወጠ ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡን መለወጡን ጎረቤቱ ሲያውቅ ነው። ሁለተኛ፣ ብቻውን የሚቆም ሰው ይሰበራል፤ ብዙ ሆነው በአንድ ቀን ሲቆሙ ግን «ሰው» የተባለው ራሳቸው ይሆናሉ።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ጽሑፍ የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። የመስጊዳችን ሶፍ አላህ የሰጠን ታላቅ አደባባይ ነው። በሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ስንቆም ማን ጪናሻ ማን ደጌላ ብለን አንጠይቅም። ችግሩ ከሰላምታው በኋላ ነው። ሶላቱ አልቆ ሳህኑ ሲመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ እዩ። በዒድ ቀን ማን ወደ ማን ቤት እንደሚጠራ፣ ማን ከበሩ ዳር እንደሚቀመጥ፣ ኒካሕ ሲታሰብ የማን ስም እንደማይነሳ እዩ። ትከሻ ለትከሻ የቆምን ሰዎች ሳህን ለሳህን መቀመጥ ከተሳነን ሶፋችን ራሱ ይመሰክርብናል።

ስለዚህ በመጪው ዒድ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከባለ እጅ ቤተሰቦች አንዱን ወደ ቤቱ ይጥራ፤ ከበር ሳይሆን ከመደቡ ያስቀምጥ፤ ከአንድ ሳህን ይብላ። በዚያው ሰሞን ግብዣውን ተቀብሎ እሱም ወደ እነሱ ቤት ይሂድ፤ ያቀረቡለትን ሐላል ይብላ። መጥራት ብቻውን ትዕቢት ሊሆን ይችላል፤ መጠራትን መቀበል ግን እኩልነት ነው። ይህንም በስውር አናድርገው። ሶደቃ በስውር ያምራል፤ ልማድን መስበር ግን በግልጽ ነው የሚያምረው። የሽማግሌ ጉባኤ ስንቀመጥም «ሰው ምን ይላል?» የሚል ቢኖር «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለን እንጠይቀው። በራሱ ስም ይናገር። በራሱ ስም ሲናገር ያፍርበት ይሆናልና ዝም ይላል፤ ወይም ደግሞ ልቡ ቀና መሆኑን ያን ጊዜ ያውቃል።

ዛሬ ፕላስቲክ ጀሪካንና የብረት ድስት ገበያውን እያጥለቀለቀው ሸክላው እየቀረ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ከገበያው ዳር የምትጠፋበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል። ያ ቀን ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ ከቤታችን ገብታ፣ በእጇ ከሠራችው ጀበና፣ ጆሮው ባልተሰበረ ስኒ ቡና ብትጠጣ ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። ሰማይ አይወድቅም። አንድ ጎረቤት በአጥር በኩል አየት ያደርግ ይሆናል። ምናልባትም እሱ በልቡ «እኔም እኮ ላስገባት ፈልጌ ነበር» ይል ይሆናል።

ያን ወጣት አላህ ባለበት ይጠብቀው። ይህን ጽሑፍ ቢያነብ አውፍ እንዲለኝ እለምነዋለሁ። እኔ በዚያ ቀን «በኔ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም» ማለቴ ትክክል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነበረብኝ።

አላህ ልባችንን ከኩራት፣ ምላሳችንን ከንቀት፣ እጃችንን ከበደል ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።